የአባዬ ሲሚንቶ

የወንድሜ ሚስት እኔ ከገበያ ገዝቼ ያመጣሁትን ሰላጣ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ስትገለብጠው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ቅዳሜ ለምሳ እማዬ ቤት ተሰብስበን፣ ሳህን ላመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ስለቆመች አላየችኝም። «መድኃኒት የተረጨበት መርዝ ለልጄ አላበላም» አለችው ወንድሜን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ በሁለት ሴቶች መሀል ሲቆም ጣራ ጣራውን ማየት ነው የሚያውቀው። ያንን ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ እማዬ ለእንግዳ ብቻ በምታወጣው ሳህን አድርጌ ነበር ያዘጋጀሁት። ሳህኑን ሳላመጣ ተመለስኩና ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ከእማዬ ጓሮ የተቀጠፈ ሌላ ሰላጣ ነበር፤ ሁሉም ከእሱ በላ፣ እኔም በላሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ የእማዬ ይጣፍጥ ነበር።

ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ቂም ግን እይዛለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩና ቂሜን ይዤ ሥራ ገባሁ። የምሠራው የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ኬሚስት እንዳልመስላችሁ፣ ዕቃ አጣቢ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመስታወት ቱቦ፣ ጠርሙስ፣ ጣት የማያስገባ ቀጭን ብልቃጥ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ ነገር ግን እኔ አንዷን ቱቦ ቸል ብዬ ባልፋት ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውጤት ሁሉ ውሸት ነው። እዚያ ያለው ማሽን ትልቅ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቢጨምሩበት ጠብታዋን ፈልጎ ያገኛታል። ይህን የነገሩኝ ቀን ሰውነቴን አንዳች ነገር ወረረኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ዓይን መሥራቱ ገርሞኝ፣ ለራሴ ቤት የማልጠነቀቀውን ያህል ለማሽኑ መጠንቀቅ ጀመርኩ። አሁንም በአጠገቡ ሳልፍ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጓደኞቼ በዚህ ያሾፉብኛል። «ኦርጋኒክ»፣ ማለትም መድኃኒት ያልተረጨበት፣ የሚል ወረቀት መለጠፍ የሚፈልጉ እርሻዎችና ትልልቅ መደብሮች ናሙና ይልኩልናል። ናሙናው ሲገባ ስሙ ይነሳና ቁጥር ይለጠፍበታል። ማሽኑ የሀብታም ይሁን የድሃ፣ የምራት ይሁን የአማት አያውቅም፤ ያየውን ይናገራል።

እኔም በዚሁ ማሽን ልጠቀም አሰብኩ። ያን ቅዳሜ ከእማዬ ቤት ስወጣ «ለራት ይሆነኛል» ብዬ ከጓሮዋ አንድ እፍኝ ቆስጣ ቀጠፍኩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከምትቸረችረው ሴት አንድ እስር ቆስጣ ገዛሁ፤ የወንድሜ ሚስት የምትመላለስበት መደብር ይህንኑ እስር በላስቲክ ጠቅልሎ አራት እጥፍ ይሸጠዋል። ሁለቱን በሁለት ንጹሕ ከረጢት አድርጌ፣ በአንዱ ላይ አንድ፣ በሌላው ላይ ሁለት ብዬ ጽፌ ለኬሚስቱ ሰጠሁት። ኬሚስቱ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም እየሳቀ አቤት ይላል። «ማሽኑ ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ አስገባልዎታለሁ፤ እርስዎ በደንብ ባያጥቡልኝ እኔ ምን ዋጋ አለኝ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ የወንድሜን ሚስት ፊት እያሰብኩ ከረምኩ። ገበያው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱን ሾርባዋ አጠገብ እንዴት አድርጌ እንደማስቀምጠው እንኳ ወስኜ ነበር፤ ገልብጬ፣ ስለ እሱ ሳልናገር፣ ጨው አቀብዪኝ እያልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ቅዳሜ ሥራችን ግማሽ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ ጓንቴን አውልቄ እጄን ስጠርግ ኬሚስቱ በመስኮቱ ጠቀሰኝ። ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። «ቁጥር ሁለት» አለ፣ የገበያው መሆኑ ነው፣ «ሁለት ዓይነት የተባይ መድኃኒት ተገኝቶበታል።» ወዲያው ግን መጠኑ ከተፈቀደው በብዙ ያነሰ መሆኑን፣ አጥቦ የበላው ሰው የሚሰጋበት እንዳልሆነ ነገረኝ። «ቁጥር አንድስ?» አልኩት። «ቁጥር አንድ ላይ የተረጨ ነገር የለም። ዜሮ ነው» አለኝ። አለቀ፣ ተሸነፍኩ አልኩ በልቤ። የእማዬ ጓሮ እንደተባለው ንጹሕ ነው፤ ምራቷ በየቅጠሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ እያሳየች «ትል ያልበላውን ሰው አይብላው» የምትለው እውነቷን ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ልወጣ ስል ኬሚስቱ ወንበሩን ሳበልኝ። ሰው ወንበር የሚስብልኝ ልማድ ስለሌለ ደነገጥኩ።

«ብረት የሚለካውም ማሽን ቦታ ነበረው፤ እግረ መንገዴን ሁለቱንም ከተትኳቸው» አለ። «ቁጥር አንድ ውስጥ እርሳስ አለ። የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገባው ብረት። ከተፈቀደው አሥራ አራት እጥፍ ነው። ስህተት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።»

«ቁጥሩን አቀያይሬው ይሆናል» አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ከቁጥር አንድ የተረፈውን ቅጠል አወጣ። ትል የበሳው ቀዳዳ መሀሉ ላይ ነበር፤ የገበያዋ ሴት እንዲህ ያለ ቅጠል ብታቀርብ ማንም አይገዛትም። የእማዬ ነው። ለምለም፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። ያን ቅጠል ሳየው ፍርሃትና አድናቆት አንድ ላይ ያዙኝ፤ እንዲህ ያማረ ነገር ያን ሁሉ ተሸክሞ ምንም አለመምሰሉ ከአእምሮዬ በላይ ሆነብኝ። ኬሚስቱ ሰው እየበላው እንደሆነ ጠየቀኝ። የወንድሜ ልጅ እንዳለች፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ እንደሆነ፣ ጓሮው ውስጥ ስለምትውልና ቅጠሉን ከነአፈሩ እየቀጠፈች ስለምትበላ ጥንቸሏ እንደምንላት ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። «ትልቅ ሰውንም ይጎዳል። የሕፃን ግን አንጎል ነው የሚነካው። ዛሬውኑ ይቁም፤ ሰኞ ደሟ ይታይ» አለኝ። ቀጥሎ ቦታው ላይ ድሮ ምን እንደነበር ጠየቀኝ፤ ጋራዥ፣ ቀለም ቤት?

«አባቴ ባትሪ ሠሪ ነበር» አልኩት። «እዚያው ጓሮ ውስጥ ነበር የሚሠራው። እርሳሱን በብረት ድስት እያቀለጠ፣ አሲዱን መሬት ላይ እየደፋ። ግን የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ነው ያቆመው።»

«እርሳስ አይበሰብስም፣ ሺህ ዓመት ይቀመጣል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ መሬቱ እንዲሁ ክፍት ነበር?»

«የለም፣ አባዬ በሲሚንቶ ደፍኖት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ነው እናቴ ያስፈነቀለችው።»

ኬሚስቱ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገኝ ባለሙያ መጥቶ የሚመክረው እሱኑ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከቻላችሁ አፈሩን ዝቃችሁ አውጡ፣ ካልቻላችሁ በሲሚንቶ ሸፍኑትና አትንኩት ነው የሚባለው። «አባትዎን በዚያን ጊዜ ማን መከራቸው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አባዬ ፊደል ያልቆጠረ፣ ለመፈረም አውራ ጣቱን ቀለም የሚነክር ሰው ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አግኝቼ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩት ስለ አባዬ አሰብኩ። ስለ እሱ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የሰፈሩ ሰው ያወጣለት ስም «ሲሚንቶ» ነበር፤ ግማሹ ለጓሮው፣ ግማሹ ለፊቱ። ፈገግታ አያውቅም። ከሥራው ሲወጣ ሮጠን ስንሄድበት በእግሩ እየተከላከለ «ሂዱ ከዚህ! እንዳትነኩኝ!» ይለን ነበር። ከዚያ ውጭ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ይልና በጥቁር ሳሙና እስከ ክርኑ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ከበሩ ኋላ ገብቶ ልብሱን ይቀይራል፤ ይህን ሁሉ ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ «አሁን ኑ» ይላል። ማን ይሄዳል! ተባርረን፣ አኩርፈን፣ ሌላ ጨዋታ ጀምረናል። እማዬም «ሰው ልጁን ለማቀፍ እንደ ቄስ ይታጠባል?» እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ወንድሜ ገና መዳህ ሲጀምር፣ አባዬ አንድ ቀን ድንገት ባትሪውን ተወ። የሚሠራበትን ዳስ አፍርሶ፣ ድስቱን አርቆ ጥሎ፣ በጋሪ ሲሚንቶ አስመጥቶ ጓሮውን ከአጥር እስከ አጥር በገዛ እጁ ደፈነው። ከዚያ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ የሚያገኘው የቀድሞውን ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር። ሬዲዮናችን ተሸጠ፣ የእማዬ የእጅ ሰዓት ተከተለ። ለምን ሲባል ዝም ነው። እማዬ የገበሬ ልጅ ናት፤ አንዲት ክንድ አፈር ለሰላጣ እንዲተውላት ለምናዋለች፣ ተጣልታዋለች፣ አልቅሳበታለች። መልሱ አንድ ነበር፤ «እኔ ብሞትም እንዳትነኩት።»

የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተ። ዓመቱን አወጣንና እማዬ መዶሻ የያዙ ሁለት ሰዎች ቀጠረች። ሲሚንቶውን ሰባብረው ለማውጣት አራት ቀን ፈጀባቸው፤ ሰውዬው ሲደፍነው ምን ያህል ቢያወፍረው ነው እያሉ ይገረሙ ነበር። የመጀመሪያው ስባሪ ተፈንቅሎ አፈሩ ሲታይ ሁላችንም አጨበጨብን። ለሠራተኞቹ ለስላሳ መጠጥ የገዛሁት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ይህን ሳስታውስ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ ብዬ ከምወርድበት አንድ ማቆሚያ ቀድሜ ወረድኩ፤ በእግሬ መሄድ ፈለግኩ።

የእማዬን ጓሮ ያላየ ሰው ምን እንደምል አይገባውም። በሩን ከፍቼ ስገባ ያየሁት ያንኑ ነው፤ ግን ያን ቀን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ከዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ ቆስጣው እስከ ጉልበት ቆሟል፣ ቲማቲሙ በእንጨት ተደግፎ ቀልቷል፣ የካሮቱ ቅጠል በንፋስ ይርገበገባል፤ ንቦች ከየት መጡ ሳይባል ከአበባ አበባ ይላሉ። የመደቦቹ ድንበር የአባዬ ሲሚንቶ ስባሪ ነው፤ ተደርድሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ። እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ አፈር ውስጥ ተንበርክካ አረም ትነቅላለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ለሠላሳ አራት ዓመት የተከለከለችውን ነገር ያገኘች ሰው ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እሷን ይያት። ጥንቸሏ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቅጠል ታኝካለች።

ሰላም ሳልል ሄጄ ጣቴን የልጅቷ አፍ ውስጥ ከተትኩና ቅጠሉን አወጣሁት። ጩኸቷን አቀለጠችው። የወንድሜ ሚስት ከቤት ሮጣ ወጣች፣ ወንድሜም ከኋላዋ ሹካ እንደያዘ። «እትዬ! ምን ሆነሻል?» አለችኝ ልጇን ከእጄ እየነጠቀች። «አፏን አጥቢላት፣ እጇንም፣ በሳሙና» አልኳት። «የእናትሽ ጓሮ ቆሸሸብሽ? የገበያሽን ስላልበላንልሽ ነው አይደል?» አለች። ያ ለሳምንት ስለማመደው የከረምኩት ነገር ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ እኔም ኬሚስቱ እንደነገረኝ አድርጌ ነገርኳት። የናፈቅኩት የፊቷ ለውጥ ዓይኔ ሥር ሆነ፤ ከንፈሯ ነጣ፣ ከሲሚንቶው ስባሪ በአንዱ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ በእጄ ያጎረስኳት። የገበያውን እየደፋሁ።» ደስ አላለኝም። ምንም ደስ አላለኝም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ። «አንቺ ለልጅሽ ደጉን ነው የፈለግሽላት። እኔ ደግሞ በተንኮል ነው ያስመረመርኩት፣ አንቺን ላሳፍርሽ ብዬ» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በትክክል አየችኝ። «እንኳንም ተንኮለኛ ሆንሽ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ላሳርፍ፤ የጥንቸሏ የደም ውጤት ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ከሚገባው ከፍ ያለ ነበር፤ ሐኪሟ ግን በጊዜ እንደደረስን፣ ቅጠሉን መብላት ካቆመች ቀስ እያለ እንደሚወርድ ነገረችን፣ ወርዶም አየነው። ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

እማዬ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ትጮኻለች፣ ወይም አይታመንም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አረሟን እጇ ላይ እንደያዘች አፈሩን ስታይ ቆየች። ወንድሜ ሹካውን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አባታችሁ ባትሪውን የተወ ሰሞን ለቅሶ ነበረበት» አለች በመጨረሻ። «እንደ እሱ ባትሪ የሚሠራ ጓደኛ ነበረው፣ ከወንዙ ማዶ። ትንሽ ልጁ ሞተችበት። ሆዷን እያመማት፣ እየተንቀጠቀጠች ሰነበተችና ሞተች። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው እንጃ። አባታችሁ ከቀብር መጣ፤ ደጁ ላይ ቆሞ ያን ልጅ» ወንድሜን በአገጯ አመለከተችው «አፈሩ ላይ ሲድህ አየው። እህል አልቀመሰም። በነጋታው ሲሚንቶ ገዛ።»

«ለምን አልነገረሽም፣ እማዬ?» አለ ወንድሜ።

«ምን ብሎ ይንገረኝ?» አለች። «እናንተን ያበላሁበት እጅ መርዝ ነው ብሎ? ሰውዬው አፈረ። አፍሮ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ልብ ስለው ኖርኩ፤ ሲሚንቶ ብለው ሲጠሩት እኔም አብሬ ስቄያለሁ።»

እኔ ያን ድፍን ግራጫ ስባሪ አየሁት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የገዘፈ ነገር አየሁ የምለው ያ ማሽን ነበር፤ ጠብታዋን ከገንዳ ለይቶ የሚያወጣው። አንድ ፊደል የማይለይ ሰው ያለ ማሽን፣ ያለ ወረቀት፣ ከአንዲት ሕፃን ቀብር ተመልሶ ያንኑ ማወቁ፣ ያወቀውንም በአንድ ክንድ ውፍረት ከድኖ እስከ ሞቱ ላዩ ላይ መቆሙ አፌን አስያዘኝ። የሰደብነውን ሁሉ ተሸክሞልናል፤ አንዴም አልመለሰልንም። እንዲህ ያለ ፍቅር በቤታችን እንደነበረ ሳላውቅ አርባ ስድስት ዓመቴን መድፈኔ አስፈራኝ።

ጥንቸሏ ከእናቷ ጭን ወርዳ ወደ አያቷ ተንደረደረች። «ሂጂ ከዚህ!» አለቻት እማዬ፣ «እንዳትነኪኝ!» እኔና ወንድሜ ተያየን። እማዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ወደ ቧንቧው ሄዳ ቁጢጥ አለች። ሳሙናውን አንስታ ጣቶቿን፣ መዳፏን፣ ክንዷን እስከ ክርኗ አጠበች። ጥቁር ውሃ ወረደ። ደግማ አጠበች፣ ውሃው ገረጣ። ሦስተኛ አጠበች። ከበሩ ኋላ ገብታ ቀሚሷን ቀይራ ወጣች። ልጅቷ ቅድም በተባረረችበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ከንፈሯን ጥላ ትጠብቃታለች።

እማዬ እጇን ዘረጋች። «አሁን ነይ» አለች።

ጥንቸሏ ሮጣ ሄደች። እኛ አንድም ቀን ሄደን አናውቅም።